ካሌንደራችሁ ስንት ገና ያውቃል?

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካሌንደር አውርዱና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ባንክ ያደላችሁም ይሁን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የገዛችሁት፣ ብቻ በትልቁ ከተጻፈው ከኛ ቀን ጥግ ላይ የፈረንጆቹ ቀን በትንሹ የሰፈረበት ይሁን። እርሳስም ያዙ።

ታኅሣሥ 29ን ፈልጉ። ጥጉ ላይ 7 ተጽፏል፤ ጃንዋሪ 7 ማለት ነው። አሁን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ታኅሣሥ 16ን እዩ። እዚያ ጥግ ላይ ያለው 25 ነው፤ ዲሴምበር 25፣ የሮምና የለንደን ገና። (የያዛችሁት የዘመነ ዮሐንስ ካሌንደር ከሆነ ከኛ ቀኖች ላይ አንድ አንድ ቀን ቀንሱ፤ ምክንያቱን እንደርስበታለን።)

በሁለቱ መካከል 13 ቀን አለ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ እኛና ፈረንጆቹ ጌታ በተወለደበት ቀን ያልተስማማን ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር የኛ ታኅሣሥ 29 የሚውለው ዲሴምበር 25 ላይ ነው። ቀኑ አንድ ነው፤ የተለያየው ቆጠራው ነው።

በእርሳሳችሁ ሞክሩት። 25 ላይ 13 ደምሩ፤ 38 ይመጣል። ዲሴምበር ያለው 31 ቀን ስለሆነ 31 ቀንሱ። የሚቀረው 7 ነው፤ ጃንዋሪ 7።

ታዲያ 13 ቀን ከየት መጣ?

አንድ ዓመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ ነው። ዩልዮስ ቄሣር የሮምን ካሌንደር ሲያስተካክል ትርፉ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተደርጎ ተያዘ፤ የኛም አቆጣጠር በዚሁ ልክ ይሄዳል። እንደ ዕቁብ አስቡት። በየዓመቱ ስድስት ስድስት ሰዓት ይጣላል፤ በአራተኛው ዓመት 24 ሰዓት ይሞላና አንድ ሙሉ ቀን ይወጣል። ፈረንጆቹ የሚያወጡት በፌብሩዋሪ 29 ነው፤ እኛ ደግሞ በጳጉሜን 6።

ችግሩ ዓመቱ ስድስት ሰዓት ሞልቶ አለመጣሉ ነው። በየዓመቱ 11 ደቂቃ ገደማ ይጎድለዋል። በአራት ዓመት የሚወጣው ቀን ከተጣለው በ45 ደቂቃ ይበልጣል ማለት ነው። ለአንድ ዙር ምንም አይደል፤ 128 ዓመት ሲሞላ ግን ጉድለቱ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1582 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ይህን ጉድለት ዘጉት። የኦክቶበር 4 ማግሥት ኦክቶበር 15 ተባለ፤ 10 ቀን ተዘለለ። ጉድለቱ ዳግመኛ እንዳይጠራቀምም በሁለት ዜሮ የሚያልቅ ዓመት ለ400 እኩል ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29 እንዳይኖረው ተደነገገ። በዚህ ምክንያት 1700፣ 1800 እና 1900 ያቺን ቀን አጡ፤ 2000 ግን አገኛት። የጥንቱን ቆጠራ የያዙት በሦስቱም ዓመታት ቆጥረዋታል። 10 እና 3፣ 13።

በዚህ ሂሳብ አሁን ዓለምን መዞር ትችላላችሁ።

የሩሲያ፣ የሰርቢያና የጆርጂያ ኦርቶዶክሶች እንዲሁም የግብፅ ኮፕቶች በጃንዋሪ 7 ከኛ ጋር ያከብራሉ። ሰርቦች በዋዜማው የባሉጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ያነዳሉ፤ በበዓሉ ዕለት ሳንቲም የተደበቀበት ዳቦ ይቆርሳሉ፤ ሳንቲሙ የደረሰው ሰው ዓመቱ ይቀናዋል ይባላል። ግሪኮችና ሩማንያውያን ኦርቶዶክሶች ቢሆኑም ከእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ጀምሮ ገናቸው ዲሴምበር 25 ነው። ዩክሬንም እ.ኤ.አ. በ2023 በሕግ ወደዚያው ቀን ተዛውራለች።

ከስኮትላንድ ዋና ምድር በስተሰሜን ፎውላ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1752 11 ቀን ስትዘል ፎውላ አልዘለለችም። በ1800 ፌብሩዋሪ 29ን ቆጠረች፤ በ1900 ግን ተወችው። እስቲ ገናዋ መቼ እንደሚውል አስሉ። 11 እና 1፣ 12፤ 25 ላይ 12 ሲደመር 37፤ 31 ሲቀነስ 6። የፎውላ ሰዎች ገናን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 6 ነው።

የአርመን ቤተ ክርስቲያንም ጃንዋሪ 6 ታከብራለች፤ ምክንያቷ ግን ሌላ ነው። እንደ ጥንቱ ሥርዓት ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ቀን አንድ ላይ ታከብራለች። በቅድስት አገር ያሉት አርመኖች ደግሞ የጥንቱን ካሌንደር ስለሚከተሉ በ6 ላይ 13 ይጨመራል፤ ጃንዋሪ 19። ይህን ቀን ካሌንደራችሁ ላይ ፈልጉት። ጥር 11፣ ጥምቀት! እኛ ታቦት አጅበን ስንመለስ ቤተልሔም ውስጥ አርመኖች ልደትን እያከበሩ ነው። በዚያች ከተማ ካቶሊኮች ዲሴምበር 25፣ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች ኦርቶዶክሶች ጃንዋሪ 7፣ አርመኖች ጃንዋሪ 19 ያከብራሉ። ጌታ በተወለደባት ከተማ በየዓመቱ ሦስት ገና አለ።

አሁን ወደ ራሳችን ብልሃት እንምጣ።

መጋቢት 29ን አውጡ፤ የጌታ ፅንሰት ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር አለ። ዘጠኝ ጊዜ 30፣ 270። በመሐል ጳጉሜን አለች፤ 5 ጨምሩ፤ 275። አባቶች ጌታ በእናቱ ማኅፀን የቆየው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው የሚሉት ይህንኑ ነው።

ጳጉሜን 6 ስትሆንስ? ድምሩ 276 ሊሆን ነው። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀኑ እንዳይፋለስ በዓሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሳብና ታኅሣሥ 28 ይውላል። ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚቀድመው ለዚህ ነው። ፈረንጆቹ ተጨማሪዋን ቀን የሚያስገቡት ከገና በኋላ በፌብሩዋሪ፣ እኛ ደግሞ ከገና በፊት በጳጉሜን ስለሆነ፣ ይህ መሳብ በዓሉን በዚያም ዓመት ጃንዋሪ 7 ላይ ያቆየዋል።

ዘመነ ዮሐንስን ለማግኘት ካሌንደር መግዛት አያስፈልግም። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 2020ን ሞክሩ። 7520 ለ4 ሲካፈል 1880፤ ትርፍ የለውም። የ2020 ገና ታኅሣሥ 28 ነው።

ይህ ሂሳብ ከቁጥር ጨዋታ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2100 የፈረንጆቹ ካሌንደር ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላል፤ ልዩነቱም 14 ቀን ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የ2093 ዓ.ም. ገናችን ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል። በኛ ካሌንደር ግን ታኅሣሥ 29 ታኅሣሥ 29 ነው።

ስለዚህ በዋሽንግተንም ሆነ በሮም ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ «የኛ ገና መቼ ነው?» ሲሉ «ጃንዋሪ 7» ብላችሁ አታቁሙ። እርሳስ ስጧቸውና ከመጋቢት 29 ጀምረው ይቁጠሩ። ጃንዋሪ 7 የዘመናችን ቀን ነው፤ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀኑን መቁጠር የቻለ ልጅ ግን በ2093ም ገናውን አይስትም።