ለአሮጌ የእጅ መጫወቻ የሚስማማ አዳፕተር ስለ መምረጥ

ከታላላቅ ወንድሞች ለታናናሾች የሚተላለፈው፣ ወይም ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት አሮጌ የእጅ መጫወቻ ብዙ ጊዜ ያለ አዳፕተሩ ከቤት ይደርሳል። ወላጆችም ከገበያ ቀዳዳው የገባለትን ገዝተው ይሰኩለታል፤ መሣሪያው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

በመጀመሪያ የሚመረመረው ቮልቱ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. የወጣው የኒንቴንዶ ጌም ቦይ አራት የባትሪ ድንጋይ ይጐርሳልና 6 ቮልት ይሻል፤ በ1998 የወጣው ጌም ቦይ ከለር ግን በሁለት ድንጋይ፣ ማለት በ3 ቮልት ይሠራል። ስማቸው ስለ ተመሳሰለ የአንዱን ለሌላው መስጠት አይገባም።

እኛ ከሁሉ አብልጠን የምናሳስበው ስለ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ነው፤ በቅርጽ አይለይምና። በአዳፕተሩ ላይ የተሳለው ምልክት መካከለኛ ነጥብ ከመደመር ወይም ከመቀነስ ምልክት ጋር በመስመር ተያይዟል፤ ይህም የመሰኪያው ውስጠኛ ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ያስረዳል። የፊተኛው ጌም ቦይ ውስጡ ኔጋቲቭ ነው። ከመሣሪያው ጽሑፍ ጋር ካልተስማማ ፈጽሞ አይሰካ።

ሚሊአምፔሩ ቢበልጥ አይጎዳም፤ ቢያንስ ግን አዳፕተሩ ይግላል።

ከአሜሪካ የመጣ የቀድሞ አዳፕተር ሲሆን በግድግዳው በኩል የሚሻውም ይነበብ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ግን ይሰካል።

ተስማሚው እስኪገኝ ጌም ቦዩ በባትሪ ድንጋይ ይሥራ፤ ድንጋዩ ሲያረጅ ፈሶ ብረቱን ይበላልና መጫወቻው ሳይነካ የሚቀመጥ ከሆነ ይውጣለት።