ዚንክ ከማዕድ እስከ አንጀት

እ.ኤ.አ. በ1958 በኢራኗ ሺራዝ ከተማ ሕንዳዊው ሐኪም አናንዳ ፕራሳድ አንድ በሽተኛ መረመረ። ሰውየው 21 ዓመቱ ነው፤ ሲታይ ግን የ10 ዓመት ልጅ ይመስላል። ምግቡ ያልቦካ ቂጣ ነበር፤ በዚያ ላይ አፈር ይበላል። ፕራሳድ ግብፅ ውስጥ ጥናቱን ቀጥሎ በ1963 የእንዲህ ያሉ ሰዎች ችግር የዚንክ እጥረት መሆኑን አሳየ። እስከዚያ ድረስ፣ ዚንክ በየምግቡ ስላለ ሰው ሊያጥረው አይችልም ይባል ነበር።

በርግጥም በየምግቡ አለ። ሰውነታችን በጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ግራም ያህል ይይዛል፤ የዕለት ፍላጎቱም በአሜሪካ መመሪያ ለወንድ 11፣ ለሴት 8 ሚሊግራም ነው። ለዕድገት፣ ለቁስል መዳን፣ በሽታን ለመከላከል ያስፈልጋል። ሆኖም ሰውነት ለክፉ ቀን የሚያኖረው ክምችት የለውም። ስለዚህ ከማዕዱ ሳይጠፋ መቅረብ አለበት።

ጣጣው ያለው ሆድ ከገባ በኋላ ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንክን አንቆ ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባወጡት ግምት፣ ፋይቴት ከበዛበት ምግብ አንጀት የሚያገኘው 15 በመቶ ያህሉን ነው፤ ካነሰበት ግን 50 በመቶ ይደርሳል። ከሥጋ የሚገኘው በቀላሉ ይወሰዳል። ታዲያ ሥጋ በዓል ጠብቆ የሚገባበት ቤት፣ ጾሙም ሲጨመርበት፣ ምን ያድርግ?

መልሱ ከፊሉ ሊጥ ውስጥ ነው። እርሾ ተደርጎበት ሁለት ሦስት ቀን የቦካ የጤፍ ሊጥ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ በችኮላ የተጋገረ ቂጣ ይህን ዕድል አያገኝም። ተነክሮ ያቆጠቆጠ የባቄላ በቆልትም እንደዚሁ ነው። ቆጮ ግን ቢቦካም በራሱ ብዙ ዚንክ የለውም፤ ክትፎ ከጎኑ ሲቀርብ ጉድለቱ ይሞላል።

ለሕፃናት ተቅማጥ የሚታዘዘው የዚንክ እንክብል የተለየ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2004 ጀምሮ ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር ለ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ ይመክራሉ።

ከሁሉ በፊት ግን አፈሩ አለ። በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በኢትዮጵያና በማላዊ የሚበቅል እህል የማዕድን ይዘቱ እንደየአካባቢው በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። በቱርክ መካከለኛ አናቶሊያ በ1990ዎቹ ዚንክ የተጨመረበት ማዳበሪያ የስንዴውን ምርት አሳድጓል። ኢትዮጵያም ዚንክና ቦሮን ያላቸውን ቅይጥ ማዳበሪያዎች ለገበሬዎቿ አቅርባለች።