የናፍጣ ሞተር አሠራር፦ ከአሽከርካሪው ጎን ለምንቀመጥ

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማበር የሚወጣ መኪና ከ1,300 ሜትር ገደማ ጀምሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ይደርሳል። በእንዲህ ያለው ዳገት ላይ አሽከርካሪው «ሙቀቱ ጨምሯል፣ ጥቂት እናሳርፈው» ሲል፣ ከጎኑ የተቀመጠው የሥራ ኃላፊ ሰዓቱን ተመልክቶ «ደርሰን የለም እንዴ? ቀጥል» ማለቱ የተለመደ ነው። ትእዛዙን የሚሰጠው ሰው ስለ ሞተሩ የሚያውቀው ከአሽከርካሪው ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ጉዳቱ ግን በመጀመሪያ በሞተሩ፣ ቀጥሎም ዘር ወይም የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ በሚጠብቀው ቀበሌ ላይ ይወድቃል። ይህ ጽሑፍም የተዘጋጀው በአብዛኛው ለአሽከርካሪዎች ሳይሆን ከጎናቸው ለምንቀመጠውና የጥገና መጠየቂያ ለምንፈርመው ነው።

በመስክ ሥራ ላይ በብዛት የሚታየው ላንድ ክሩዘር ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ነው። ሲሊንደር በሞተሩ ብረት ውስጥ የተቦረቦረ ክብ ጉድጓድ ሲሆን፣ ፒስተን የተባለው ክፍል በውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ፒስተኑ ከግርጌው ቢየላ በሚባል ክንድ ከክራንክ ሻፍት ጋር ተያይዟል። የብስክሌት ነጂ ጉልበት ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ፔዳሉ እንደሚዞር ሁሉ፣ የፒስተኑም ምልልስ በክራንክ ሻፍቱ ወደ ዙረት ይለወጣል፤ ዙረቱም በማርሽ ሣጥን በኩል ወደ ጎማ ይደርሳል። ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ቴስታታ የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ ቫልቮችን ይዟል።

ሥራው በአራት ምት ይፈጸማል። በመጀመሪያው ምት ፒስተኑ ሲወርድ በማስገቢያው ቫልቭ አየር ይሳባል። በሁለተኛው ቫልቮቹ ይዘጉና ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ከቀድሞ ስፋቱ ወደ ሃያኛ እጁ ገደማ ይጨምቀዋል። ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንደሚግል ያውቃል፤ በሲሊንደሩ ውስጥም እንዲሁ ነው፣ ይሁን እንጂ እዚህ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ኖዝሉ ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ሲረጨው ያለ ምንም ክብሪት ራሱ ይቀጣጠላል። ሦስተኛው ምት ይህ ቃጠሎ ፒስተኑን ወደ ታች የሚገፋበት ነው፤ ጉልበት የሚገኘውም ከዚህ ብቻ ነው። በአራተኛው ጭሱ ይወጣል። ክራንክ ሻፍቱ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይቀጣጠላል ማለት ነው።

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍጣው ሞተር ካንዴላ አያሻውም፤ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በተግባር ያሳየው ይህንኑ በጭምቅ አየር ሙቀት የሚሠራ ሞተር ነበር።

እንግዲህ ሁሉም ነገር በአየሩ ላይ የቆመ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነውና፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ስፍራ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ያነሰ ነው። ጉልበቱ የሚደክመውና ጥቁር ጭስ የሚበዛውም ለዚህ ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ ደግሞ ችግሩ ይደረባል። ማጣሪያው ቢቀደድ ይብሳል፤ የመንገድ አቧራ ደቃቅ አሸዋ ስላለበት የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የአየር ማጣሪያ ግዢ «ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይተላለፍ» ተብሎ ሲመለስ የሚተላለፈው ወጪ ማጣሪያው ብቻ አይደለም።

ወደ ዳገቱ እንመለስ። ከነዳጁ ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው ሲሶ ገደማ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው ውሃ መወገድ አለበት። የውሃ ፓምፑ ውሃውን በሲሊንደሮቹ ዙሪያ አዙሮ ወደ ራዲያተር ይሰድዳል፤ በዚያም ነፋስ ያበርደዋል። በዳገት ላይ ግን ሞተሩ ብዙ ነዳጅ እያቃጠለ መኪናው ቀስ ብሎ ስለሚሄድ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ ጥቂት ነው፤ አየሩም የሳሳ ነው። በተጨማሪም በ3,000 ሜትር ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ሞተሩ ከሚሠራበት መደበኛ ሙቀት ጋር እጅግ ይቀራረባል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊትን አምቆ ይይዛልና። ጎማው ያረጀ ክዳን እጅግ ርካሽ ዕቃ ሆኖ ሳለ አንድን ሙሉ ሞተር ለጥፋት ሊዳርግ ይችላል።

ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ በእርሱና በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ያን ጊዜ ውሃ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይታይበታል። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ በራሱ አያስደነግጥም፣ ጥላሸቱን ስለሚሰበስብ ነው፤ እንዲህ መንጣቱ ግን መኪናው ከቆመበት እንዳይነሣ የሚያስገድድ ምልክት ነው። ዘይቱ በሚተሻሹት ብረቶች መካከል ስስ ንጣፍ ሆኖ የሚለያያቸው ሲሆን፣ ውሃ የገባበት ዘይት ይህን ማድረግ አይችልም።

ስለዚህ አሽከርካሪው «እናሳርፈው» ካለ ማሳረፍ ነው። ውሃው ካልፈሰሰና የሙቀት መጠቆሚያው መውረድ ከጀመረ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ማሠራት ይጠቅማል፤ መጠቆሚያው መውጣቱን ከቀጠለ ወይም እንፋሎት ከታየ ወዲያው ማጥፋት ይገባል። በጋለ ጊዜ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱንና እጁን ለሚፈላ ውሃ ይሰጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ብረቱን ይሰነጥቃል።

ሌላው ጉዳይ በየመጋዘኑ በበርሜል የምናስቀምጠው ናፍጣ ነው። ሌሊት በበርሜሉ ውስጥ እርጥበት ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድም ከግርጌ ይዘቅጣል። ይህ ውሃ ወደ ሞተሩ ከገባ እጅግ በጠበበ ልክ የተሠሩትን የነዳጅ ፓምፑንና የኖዝሎቹን ክፍሎች ያዝጋቸዋል። በመኪናው ነዳጅ ማጣሪያ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ አሽከርካሪው በየጊዜው ያፈስሰዋል። የበርሜሉ ግን የመጋዘን ሠራተኛው ድርሻ ነው፤ በርሜሉ ሳይናወጥ ከላይ መቅዳት፣ የግርጌውን ጥቂት ጣት ያህል መተው። የንብረት ቆጣሪዎችም ይህን ትራፊ እንደ ጉድለት ባይመዘግቡበት መልካም ነው።