ቋንቋ «መስማት» እና ቋንቋ «መቻል»፤ ስለ ቋንቋ ስንናገር ቃላት እንዴት እንደሚጣመሩ

ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው በተፍኪ አንድን ገበሬ «አማርኛ ትችላለህ?» ብለው ቢጠይቁት «እሰማለሁ» ብሎ ቢመልስ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰውየው ጥያቄውን አልሳተውም፤ የችሎታውን ልክ በአንድ ቃል ተናገረ እንጂ። የሚባለው ይገባዋል፤ መልሶ መናገሩን ግን አይደፍርም ማለቱ ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰውም ስለ ኦሮምኛ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው።

ይህን መልስ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተማሪ «አይ ሂር አማሪክ» ብሎ ቢጽፍ፤ ቃላቱ እያንዳንዳቸው ትክክል ሆነው ሳሉ ዓረፍተ ነገሩ ይበላሻል። እንግሊዛዊው አንባቢ የሚረዳው፤ አማርኛ ሲነገር ድምፁ ወደ ጆሮዬ ይደርሳል ማለትን ነው። ለዚህ አሳብ እንግሊዝኛ የመረጠው ግሥ «አንደርስታንድ» ነው። «እችላለሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «አይ ካን ኢንግሊሽ» አይባልም፤ «ስፒክ» ወይም «ኖው» መባል አለበት። ጀርመኖች ግን እንደ እኛ «ጀርመንኛ እችላለሁ» ይላሉና ስሕተቱ የአእምሮ ድካም አይደለም።

እንዲህ ያለውን የቃላት ጕርብትና ሊቃውንት «ኮሎኬሽን» ይሉታል። ሃሮልድ ፓልመር የተባለው እንግሊዛዊ በጃፓን አገር ሳለ እ.ኤ.አ. በ1933 የእንግሊዝኛን ጥምሮች የሚዘረዝር ጥናት አሳተመ፤ የለንደኑ ጄ. አር. ፈርዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ቃሉን ለትርጕም ጥናት መሣሪያ አድርጎ አቀረበው። ነገሩን አስቀድሞ በሰፊው የዘረዘረው እንግሊዝኛን ለባዕዳን የሚያስተምር ሰው መሆኑ አያስደንቅም። ቋንቋው የገዛ ራሱ የሆነ ሰው ጥምሩን አያየውም፤ እንደ አየር ይተነፍሰዋል።

ጥምሩ ከሰውነት ክፍል ጋር ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። እንግሊዞች ሕፃን ከቤት የሚያገኘውን ቋንቋ «የእናት ምላስ» ይሉታል። ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብናመጣው ያስቃል፤ «ምላስ» ለእኛ ነገረኛነትንና «ምላሰኛ» የሚባለውን ሰው ያስታውሳልና። ግእዝ ግን «ልሳን» በሚለው ቃል ምላስንም ቋንቋንም ይጠራል። አማርኛ የመረጠው አፍን ነው፤ ሕፃኑ «አፉን ፈታ» ይባላል፤ ቋንቋውም «የአፍ መፍቻ» ይሆናል፤ እንግሊዝኛንም «የፈረንጅ አፍ» ስንል ኖረናል። በኦሮምኛ ደግሞ «አፋን» አፍም ቋንቋም ነው፤ ስለዚህ «አፋን ኦሮሞ» እንላለን። መናገር የጀመረ ሕፃንም «አፋን ሂክከቴ» ይባላል፤ ይኸውም አፉን ፈታ ማለት ነው። አማርኛና ኦሮምኛ ከሁለት የተለያዩ ወገኖች፤ አንዱ ከሴም ሌላው ከኩሽ ሲሆኑ፤ በዚህ ሥዕል ይገናኛሉ።

ሌላው ወጥመድ «ባድ ላንጉዌጅ» የሚለው ነው። ተማሪው የጓደኛው እንግሊዝኛ ደካማ መሆኑን ሊገልጥ «ባድ ላንጉዌጅ ይጠቀማል» ብሎ ቢጽፍ ሳያውቅ ስሙን ያጠፋዋል፤ የጥምሩ ትርጕም ተሳዳቢ፤ አፈ ጸያፍ ማለት ነውና። ለደካማው «ብሮክን» የሚባል ቃል አላቸው፤ ይህ «ሰባብሮ ይናገራል» ከምንለው ጋር ስለሚገጥም ብዙ አያስቸግርም።

ነገሩ ግን በድርሰት ደብተር ላይ ከሚሰመር ቀይ መስመር ያልፋል። ብዙዎቻችን ለጥናት የምንወስደው መጠይቅ አስቀድሞ በእንግሊዝኛ ይዘጋጅና ኋላ ይተረጐማል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ መሠረት አማርኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች 17.4 ሚሊዮን ያህል፤ በሁለተኛ ቋንቋነት ያላቸው ደግሞ 5.1 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። የመጀመሪያው ቍጥር ብዙ አያከራክርም። እንደ ሁለተኛው ያለ ቍጥር ግን በግሡ ላይ የሚንጠለጠል ነው። «ትናገራለህ?» ብንል የሚሰማውን ገበሬ ከቍጥር እናወጣዋለን፤ «ትሰማለህ?» ብንል እናስገባዋለን፤ «ትችላለህ?» ብንል ደግሞ ፍርዱን ለሰውየው ትሕትና ወይም ድፍረት እንተዋለን። በኦሮምኛ «አፋን አማራ ኒ ቤክታ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግሡ «ማወቅ» ነው፤ መልሱም እንደገና ሌላ ሊሆን ይችላል።

በእኔ አስተያየት በተፍኪም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚጠይቅ ተማሪ «ትችላለህ» የሚለውን ትቶ፤ መስማትን፤ መናገርንና ማንበብን ለየብቻ ቢጠይቅ ይሻላል። ማንበብም በሁለት መከፈል አለበት፤ በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል በቁቤ ስለ ሆነ፤ ፊደልን ያወቀ ሁሉ ቁቤን አያነብም። ሽማግሌ ሲጠየቁ ደግሞ የቋንቋው ስም ከግሡ በፊት መግባቱ አይዘንጋ። ዝም ብሎ «አባባ፤ ይሰማሉ?» ያለ ተማሪ ጆሮዬን ደነቈረ አለኝ ተብሎ ይቀየሙታል፤ የቀሩትን ጥያቄዎችም አይመልሱለትም።