የእንግሊዝ ባለቅኔዎች ስለ ሌቦች የጻፉት

ልጆች ሆይ፥ የእንግሊዝን አገር የቀድሞ ቴአትርና ግጥም የሚያነብ ሰው በውስጡ ብዙ ሌቦችን ያገኛል። ታላላቆቹ ደራስያን ስለ ሌባ የጻፉት ለምንድር ነው? ስርቆትን ለማስተማር ነውን? አይደለም። ሌብነት በምን እንደሚጀመርና በምን እንደሚፈጸም ለማሳየት ነው።

ዊልያም ሼክስፒር (1564–1616 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ስለ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በጻፈው ቴአትር ውስጥ፥ ፎልስታፍ የሚባል አንድ ወፍራም ሽማግሌ መኰንን አለ። ይህ ሰው ከባርዶልፍና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋራ ጋድስ ሂል በሚባል ስፍራ ሸምቆ፥ ገንዘብ የያዙ መንገደኞችን ዘረፈ። የንጉሡም ልጅ ከማኅበራቸው ነበረ። እርሱ ግን ከአንድ ወዳጁ ጋራ ልብሱን ለውጦ፥ ዘራፊዎቹን በጨለማ ድንገት ገጠማቸው፤ እነርሱም የዘረፉትን ጥለው ሸሹ።

ፎልስታፍ ኀፍረቱን ለመሸፈን የሰይፉን ስለት በጩቤ ሸራረፈው፤ ጓደኞቹንም አፍንጫቸውን በሣር ወግተው እንዲያደሙ መከራቸው። ከዚያም ስለ ውጊያው ሲያወራ፥ የገጠሙት ሰዎች በመጀመሪያ 2 ነበሩ፤ ጥቂት ቈይቶ 4 ሆኑ፤ ከዚያ 7፥ ከዚያም 9፥ በመጨረሻ 11 ሆኑ። ተመልካቹ በዚህ እጅግ ይስቃል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ስርቆት ብቻውን አይኖርም፤ ውሸትን ይወልዳል፥ ውሸትም ሌላ ውሸትን ይወልዳል። የንጉሡ ልጅ ግን የተዘረፈው ገንዘብ እንዲመለስ አደረገ።

ይኸው ልዑል በሌላው የሼክስፒር ቴአትር ሄንሪ አምስተኛ ተብሎ ነግሦ ወደ ፈረንሳይ ሲዘምት፥ ባርዶልፍም ከጭፍራው ጋራ ዘመተ። በዚያም ከቤተ ክርስቲያን አንድ ንዋየ ቅድሳት ሰረቀ። ዕቃው ዋጋው ጥቂት ነበረ፤ ሆኖም በስቅላት እንዲሞት ተፈረደበት። ጓደኛው አንዱን ሹም ያማልደው ዘንድ ለመነው፤ ሹሙ ግን ጥፋተኛው ወንድሙ እንኳ ቢሆን እንደማያማልድ መለሰለት። ንጉሡም የቀድሞ ጓደኛው መሆኑን ሳይመለከት ፍርዱን አጸና፤ ወታደሮቹም ከመንደር ምንም ነገር ሳይከፍሉ እንዳይወስዱ አዘዘ። በጋድስ ሂል ሳቅ የነበረው ነገር በገመድ ተፈጸመ። የአገራችንም ሰው «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» ብሎ የተረተው ስለዚህ ነው።

ዊልያም ወርድስወርዝ (1770–1850) የሚባለው ባለቅኔ ደግሞ ስለ ገዛ ልጅነቱ በግጥም ጽፏል። መጽሐፉ የታተመው ባለቅኔው በሞተበት ዓመት በ1850 ነው። በሰሜን እንግሊዝ በሐይቅ ዳር በአንድ የበጋ ምሽት፥ ከዛፍ ጋራ ታስራ የነበረችን የሰው ጀልባ ሳያስፈቅድ ፈትቶ፥ በጨረቃ ብርሃን እየቀዘፈ ሄደ። ወደ ሐይቁ መካከል በራቀ ጊዜ፥ አንድ ጥቁር ታላቅ ተራራ ከኰረብታው በስተኋላ ብቅ አለ። ልጁ በቀዘፈ ቍጥር ተራራው እየረዘመ፥ እንደ ሰው እየተራመደ የሚከተለው መሰለው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ፤ ጀልባይቱንም በስፍራዋ ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን ልቡ ታወከ፤ በሕልሙም ዕረፍት አጣ።

ተራራ ከስፍራው አይነሣም። ልጁን ያሳደደው የገዛ ኅሊናው ነው። ያየው ዳኛ አልነበረም፥ የያዘውም ዘበኛ አልነበረም፤ ነገር ግን ኅሊናው ዳኛም ዘበኛም ሆነበት። ጥፋቱ ገና ትንሽ ሳለ ስለ ሰማው ተመለሰ። ባርዶልፍ ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ስርቆት በትንሽ ነገር ይጀምራል፤ መመለስም የሚቀለው ነገሩ ትንሽ ሳለ ነው። የባልንጀራችሁ እርሳስ በእጃችሁ ቢገኝ፥ ቀኑ ሳይመሽ መልሱለት።