ዓሣ ለማጥመድ ወደ ሐይቅ ለሚወርዱ ሰዎች ስለ ፒካፕ ጭነት አሰነዳድ የተጻፈ ምክር

የሰው ልጅ ሥራ ሁሉ አስቀድሞ መሰናዳትን ይፈልጋል። ገበሬ ዝናም ሳይጥል ሞፈሩንና ቀንበሩን ያበጃል፤ ነጋዴም አጋሰሱን ከመንዳቱ በፊት ጭነቱ በግራና በቀኝ የተካከለ መሆኑን ይመለከታል። ወደ ሐይቅ ወርዶ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ግን መኪናው ፈጣን ስለ ሆነለት ይህን የአባቶችን ጥንቃቄ ሲዘነጋው ይታያል። መረቡንም ነዳጁንም ስንቁንም በፒካፑ ካሶኒ ላይ ወርውሮ ይሄዳል፤ ሲመለስም ያጠመደውን ዓሣ በዚያው ላይ ይጨምረዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ተረት ለእንዲህ ያለው መንገደኛ የተነገረ ይመስላል።

እኔም ከዚህ ስሕተት ንጹሕ አይደለሁም። በ2009 ዓ.ም. ከጓደኞቼ ጋራ በአንድ ወዳጃችን ፒካፕ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወርደን ነበር። ቦታው ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ማለዳ ሄዶ ማታ ለመመለስ ይመቻል። እኛ ያጠመድነው ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሌሊቱን በጀልባ ላይ ካደሩ አንድ ሽማግሌ ቆሮሶና አምባዛ ገዝተን ጆንያውን ሞላን። በረዶ አልያዝንም፤ ለጀልባው ሞተር የወሰድነውም ቤንዚን ተርፎ በጀሪካን ከጆንያው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሞጆ ደርሰን ሸራውን ብንገልጠው የጀሪካኑ ክዳን ላልቶ ቤንዚኑ በዓሣው ላይ ፈስሶአል። የወዳጃችን ልጅ ጆንያውን ለማንሣት እጁን ቢሰድ ከመረቡ ጋራ የተጠላለፈ መንጠቆ መዳፉን ወጋው። ዓሣውን ሁሉ ከመንገድ ዳር ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ገንዘባችን ከመጥፋቱ ይልቅ ያሳዘነን የእኒያ ሽማግሌ የሌሊት ድካም ለአንድ ሰው እንኳ ራት ሳይሆን መቅረቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከአንድ አናጢ ጋራ ሆነን የዚያን ፒካፕ ካሶኒ አሰናዳነው። በዚህም ሥራ ሦስት ነገሮች መጠበቅ እንደሚገባቸው ተረዳሁ፤ እነርሱም ክብደትን ማመዛዘን፥ የማይስማሙትን ዕቃዎች መለየትና ዓሣውን ማቀዝቀዝ ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ክብደት። እያንዳንዱ መኪና ሊሸከም የሚችለው ልክ ከመኪናው ጋራ በሚሰጠው መጽሐፍ ተጽፎአል። በዚህም ልክ ውስጥ የተሳፋሪዎቹ ክብደት ይቆጠራል፤ እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ቢቀመጡ 350 ኪሎ ከዚያ ላይ ይነሣል ማለት ነው። 20 ሊትር የመጠጥ ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ 40 ኪሎ ዓሣም ከ40 ኪሎ በረዶ ጋራ 80 ኪሎ ይሆናል። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ብቻውን ወደ 30 ኪሎ ስለሚጠጋ፥ አናጢው ሣጥን ባበዛ ቍጥር የሚጫነው ዓሣ ያንሳል። ከባዱ ዕቃ ሁሉ ከታች፥ ከጋቢናውም ኋላ ተጠግቶ ይቀመጥ። ከኋላ ጎማ አልፎ ወደ ስፖንዳው የተጫነ ከባድ ዕቃ የመኪናውን ፊት ስለሚያቀልለው መሪው ለነጂው በደኅና አይታዘዝም፤ ከፍ ብሎ የተጫነውም በጠመዝማዛ መንገድ መኪናውን ለመገልበጥ ያሰጋል።

2ኛ፤ ዕቃን ስለ መለየት። አናጢው አስቀድሞ የካሶኒውን ርዝመትና በሁለቱ የጎማ ጉብታዎች መካከል ያለውን ስፋት ይለካ፤ ይህ ስፋት በብዙዎቹ ፒካፖች ከ1 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በዚህ መካከል ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የእንጨት ወለል ይሠራና ከሥሩ ወደ ስፖንዳው የሚሳቡ ሁለት መሳቢያዎች ይደረጉለታል። ወለሉ ከጋቢናው ድረስ መድረስ የለበትም፤ በዚያ በኩል ለበረዶው ሣጥን ቦታ ይተውለት። መሳቢያዎቹ የሚንሸራተቱበት ጠንካራ እንጨት በሰም ቢታሽ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ብረት ሳያስፈልግ በቀላሉ ይሳባሉ። ዳገት ሲወጡ ተከፍተው እንዳይመጡም መቀርቀሪያ ይደረግባቸው። ወለሉ በካሶኒው በተበጁት ቀዳዳዎች በቡሎን ይታሰር፤ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ግድ ከሆነ ዝገት እንዳይጀምር የተበሳው ጠርዝ ወዲያው ቀለም ይቀባ።

በአንደኛው መሳቢያ ክሪክና መፍቻ፥ ገመድና መብራት ይቀመጡ። በሁለተኛው ቢላዋና መንጠቆ ይሁኑ፤ መንጠቆዎቹም በቡሽ ላይ ተሰክተው ክዳን ባለው ጣሳ ይዘጉ። የማጥመጃ ዘንግ እንዳይሰበር 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ገብቶ በካሶኒው ጎን ይታሰር። እርጥብ መረብ በቀዳዳ ቅርጫት ተደርጎ ከወለሉ በላይ ይሁን፤ ቤት ሲገባም በጥላ ይሰጣ፤ ፀሐይ የናይለኑን ክር ታደክመዋለችና።

ቤንዚን ከሁሉ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትነቱ በተዘጋ ቦታ ተጠራቅሞ በአንዲት ብልጭታ ስለሚነድ በመሳቢያ ውስጥ ከቶ አይግባ፤ ጀሪካኑ ቆሞ፥ ክዳኑ ጠብቆ፥ ነፋስ በሚያገኘው በኋለኛው ማዕዘን ይታሰር። በሚሞላበትም ጊዜ ከካሶኒው ወርዶ በመሬት ላይ ይቀመጥ፤ በተለይም ካሶኒው ፕላስቲክ የለበሰ እንደ ሆነ በውስጡ ሳለ ቢሞላ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊነሣ ይችላል።

3ኛ፤ ስለ ማቀዝቀዝ። ዓሣ ከሞተ በኋላ በቆላ ሙቀት በጥቂት ሰዓት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል፤ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ግን ለብዙ ቀን ይቆያል። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ ውኃ እስኪሆን የሚውጠው ሙቀት አንድ ኪሎ ውኃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ የሚበቃ ነው። ስለዚህ በሞቃት አገር ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ መያዝ ይገባል። ሣጥኑ ሁለት ግድግዳ ያለው ሆኖ በመካከሉ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም ይግባበት፤ የቀለጠው ውኃም በቱቦ ከካሶኒው ውጭ ይፍሰስ። ዓሣው ሆድ ዕቃው ወጥቶ በንጹሕ ውኃ ከታጠበ በኋላ፥ ከታች በረዶ፥ ከዚያ ዓሣ፥ ደግሞ በረዶ እየተደረገ ይደርደር፤ በረዶውም ዓሣውን በሁሉ በኩል እንዲነካው ደቅቆ ይሰበር። የሚጠጣ ነገር ከዚህ ሣጥን አይግባ፤ ክዳኑ በተከፈተ ቍጥር ቅዝቃዜው ይወጣልና። በላዩም ነጭ ሸራ ይሸፈን።

ከሐይቁ ከመነሣት በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። እምቦጭ የሚባለው አረም በቆቃና በአዋሽ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይገኛል፤ በጣናም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ታይቶ ብዙ ዳርቻ ሸፍኖአል። ቁራጩ በመረብ ወይም በካሶኒ ተጣብቆ ቢሄድ በሌላ ውኃ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ መረቡና ካሶኒው ከሐይቁ ራቅ ብሎ ይታጠብ፤ ወደ ሌላ ሐይቅ ከመውረዱም አስቀድሞ ይድረቅ።

በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንትና የእርሻ ኃላፊዎች ሆይ፤ በሐይቅ ዳር ለሚገኘው መሥሪያ ቤታችሁ ፒካፕ ካለው፥ በመጀመሪያ ካሶኒውን ተመልከቱት። አንድ አናጢ፥ ጥቂት ኮምፔንሳቶና አንድ የበረዶ ሣጥን በዓሣ አጥማጁ ጀልባና በገበያው መካከል ያለውን መንገድ ያቃኑታል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 ስለ ማጥመድ የደነገገውንም አንብቡና አስነብቡ። ዓሣውን ከሐይቅ የሚያወጣው ሰው ብዙ ነው፤ ሳይበላሽ ከገበታ የሚያደርሰው ግን አስቀድሞ የተሰናዳው ነውና፥ የሌሊት ሠራተኛ ድካም በመንገድ ዳር እንዳይቀበር እንትጋ።