ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተርን ለመዝገበ ቃላት ሥራ ስለ ማዘጋጀት

የመዝገበ ቃላት ሥራ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። 20,000 መግቢያ ቃላት ያሉትን አንድ መዝገበ ቃላት እናስብ። እያንዳንዱ ቃል ከነፍቺውና ከነምሳሌው በአማካይ 200 ሆሄያት ቢፈጅ ጠቅላላው 4 ሚሊዮን ሆሄ ይሆናል። ዛሬ በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው ስልት አንድ የኢትዮጵያ ሆሄ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ሥራው በሙሉ 12 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው። ይህ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከተሠራ ኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ከሺህ አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። ስለሆነም ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ ለተርጓሚ ከበቂ በላይ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው አጀማመሩ ላይ ነው፤ በተለይም በየጥገና ቤቱ በሚነገር አንድ ሐረግ ላይ።

ስለ «ያገለገለ» አስቀድሞ ጥቂት ማለት ይገባል። ነጋዴዎች «ሰከንድ ሃንድ» ይላሉ፤ አንዳንድ ተርጓሚም ቃል በቃል «ሁለተኛ እጅ» ብሎ ይጽፋል። «ያገለገለ» ግን ለመኪናም ለቤት ዕቃም የተለመደ በመሆኑና «አሮጌ» የሚለው ከሚያሳድረው የመናቅ ስሜት ነጻ በመሆኑ ሌላ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

«ፎርማት ማድረግ» ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ጸሐፊና አራሚ ሲናገሩት ገጽን ማስተካከል፣ ኅዳግንና የመስመር ርቀትን መወሰን ማለታቸው ነው። የኮምፒዩተር ጠጋኝ ሲናገረው ደግሞ ዲስኩን ባዶ አድርጎ ስርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ መጫን ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍን ያሳምራል፤ ሁለተኛው ጽሑፍን ያጠፋል። አንድ የማውቀው ተርጓሚ ጠጋኙ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ በራሱ ሙያ የሚያውቀውን ትርጉም ይዞ «አድርገው» አለ፤ ለዓመታት የሰበሰበው የሕክምና ቃላት ዝርዝር በዚያው ቀረ። ለመጀመሪያው ትርጉም «ገጽ ማሰናዳት»፣ ለሁለተኛው «ዲስክ ባዶ ማድረግ» ብንል የሚሻል ይመስለኛል። «ባዶ» የሚለው ቃል ያስደነግጣል ይባል ይሆናል፤ እኔም የመረጥሁት ስለሚያስደነግጥ ነው።

ኮምፒዩተሩ ገና ሳይበራ ከኋላ ያለውን የኃይል ሳጥን ማየት ያስፈልጋል። በአንዳንዶቹ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አለ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በ115 ላይ ሊገኝ ይችላል፤ በዚሁ እንዳለ በአገራችን የ220 ቮልት መሥመር ላይ ቢሰካ የኃይል ሳጥኑ ይቃጠላል። ሰዓቱና ቀኑ በበራ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ በውስጡ ያለችው ሲአር 2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ሳትቀየር ከቀረች ግን የትኛው የቃል ካርድ ቀድሞ እንደ ተጻፈ ከፋይሉ ቀን ማወቅ አይቻልም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ሌላው ሁሉ ይቆይና ይዘቱ በቶሎ ይገልበጥ።

ይዘቱን መገልበጥ የሚያስፈልገው ኮምፒዩተሩ ከራስ መሥሪያ ቤት መጋዘን የወጣ ወይም ከባልደረባ የተገኘ ሲሆን ነው፤ ከገበያ በተገዛው ላይ የሚገኝ የማይታወቅ ሰው የግል ፋይል አይነበብም። ለመገልበጥ የሚሻለው ዘዴ ኮምፒዩተሩን ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ ማስነሣት ነው፤ በዚህ ጊዜ በነባሩ ዲስክ ላይ ምንም አይጻፍበትም። ብዙዎች ሰነዶቹን ብቻ ገልብጠው ይረካሉ። ፎንቶቹም አብረው መገልበጥ አለባቸው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ መሥፈርት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች 256 ቦታ ብቻ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ መሥራት ነበረባቸው። የ33ቱ ፊደላት ሰባት ቤቶች ብቻቸውን 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ 20ዎቹ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ግንዱንና ቅጥሉን ለያይቶ በማያያዝ ሠራው። ሁሉም በየራሱ መንገድ ሆሄያቱን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ አስቀመጠ። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድብልቅ ሆኖ ይታያል። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ በእነዚህ ፎንቶች መጻፉ ለብዙ ዓመታት አልቀረም።

ጉዳቱ የሚከፋው በሁለት ቋንቋ በተዘጋጀ የሙያ ቃላት ዝርዝር ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ የእንግሊዝኛውን ቃል ከአማርኛው ፍቺ የሚለየው የፎንቱ ስም ብቻ ነው፤ ለማሽኑ ሁለቱም ላቲን ናቸው። ፋይሉ «ለማቅለል» ተብሎ ያለ ፎንት በተራ ጽሑፍ መልክ ከተቀመጠ ልዩነቱ ይጠፋል። በኋላ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ መሣሪያ ሲነዳበት እንግሊዝኛውንም ወደ ሆሄ ይቀይረዋል። ስለሆነም ነባሩ ፋይል እንዳለ ይቀመጥ፤ ልወጣው በቅጂው ላይ ይካሄድ፤ ውጤቱም በተለይ በዲቃሎቹና በአኃዞቹ ላይ በዓይን ይመርመር።

ይህ ካለቀ በኋላ ዲስኩን ባዶ ማድረግ ይቻላል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከራሱ ጋር የኢትዮጵያ ፎንት አልነበረውም፤ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ሲወጣ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መተየቢያ ይዞ መጣ። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በጥር 2020፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2025 መደበኛ ድጋፋቸው አብቅቷል፤ የዊንዶውስ 11ን መሥፈርት አሮጌ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው አያሟሉም። ስለዚህ ሊኑክስን መጫን የተሻለ ነው። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት በነጻ ይገኛል፤ ለመተየብም ኪማን በተባለው ፕሮግራም ውስጥ በድምፅ የሚሠሩ የአማርኛ ሰሌዳዎች አሉ።

የመጨረሻው ነገር ፍለጋ ነው። ለኮምፒዩተር «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ካልታዘዘ አያገናኛቸውም። ሆሄያቱን በመግቢያ ቃሉ ላይ አንድ ወጥ ማድረግ አንዱ መንገድ ነው፤ እኔ ግን የምንጩ አጻጻፍ እንዳለ ተጠብቆ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ እንዲጨመር እመርጣለሁ። ከነባር ፋይል በተለወጠ ጽሑፍ ውስጥ አራት ነጥቡ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ነጥቦችን አጠጋግቶ የተተየበ ነው። በመጀመሪያ ጥንዶቹ ሁሉ በ«።» ይተኩ፤ ቃላትን የሚለዩት ነጠላ ሁለት ነጥቦች ከዚያ በኋላ በባዶ ቦታ ይተኩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዐረፍተ ነገሮቹ የት እንደሚያበቁ መለየት አይቻልም።